ይቅር የተባለው ጉብታ

እንዲህ ያለ ነገር ለመጻፍ የምበቃ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ እሱንም ሳልጨርሰው ልጅ ወለድኩና ተውኩት። አሁንም «ሀ» ብዙ ስለሆነ የትኛውን የት እንደማደርግ አላውቅም፤ እጄ ያመጣልኝን አደርጋለሁ። የተማረ ሰው ቢያየው ይሥቅብኛል እያልኩ ስንት ጊዜ ወረቀቱን አጥፌ ከቆሎው እንቅብ ሥር ከትቼዋለሁ። ብቻ ስለ አያ እጅጉ የሚጽፍ ሌላ ሰው አጣሁ። የሚችሉት አይጽፉም፤ እኔ ደግሞ አልችልም። እንግዲህ ጠጠር ብታገኙበት ለቅማችሁ ጣሉልኝና የቀረውን ቃሙት።

ስሜ ንግሥቴ ነው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስትሄዱ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብላ ግራር ውኃ የምትባል ከተማ አለች፤ ከተማ ካልናት ማለቴ ነው። እዚያ ኳስ ሜዳው ዳር ቆሎ እሸጣለሁ። አያ እጅጉ ጎረቤቴ ናቸው። ሞፈርና ቀንበር ይጠርባሉ፤ ከማንኩሳ ሳይቀር ገበሬ መጥቶ የሳቸውን ሞፈር ይገዛል። ታኅሣሥ ሲገባ ደግሞ ለገና ጨዋታ የሚሆነውን ዱላ ያዘጋጃሉ።

አርፈው መቀመጥ የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። የሚጠርቡት ቆመው ነው፤ ምሳቸውንም ግማሹን ቆመው ነው የሚበሉት። ነገር የገባባቸው ቀን ሜዳውን ይዞሩታል። ባለቤታቸው ሀብትነሽ፣ «የኔ ባል ፊሽካ ያልያዘ ዳኛ ነው» ትላለች።

አፋቸው ደግሞ ቁጥብ ነው። የሚፈልጉትን ነገር ዙሪያውን ይሄዱታል እንጂ ውስጡ አይገቡም። ጨው ያለቀባቸው ቀን እደጄ ይመጡና ስለ ብርዱ ያወራሉ፣ ልጆቼን አንድ በአንድ ይጠይቃሉ፤ ከዚያ «የዘንድሮ ወጥ አልጣፍጥ አለ» ይላሉ። እኔም ጨው እሰጣቸዋለሁ። ጨዋ ሰው እኛ አገር እንዲህ ነው። እንግዳን ፊት ለፊት «አይሆንም» ማለት በሩን በፊቱ መዝጋት ነው። እኔም ከዚያው ነኝ፤ ስለዚህ አልፈርድባቸውም።

ለገና ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ።

ከሜዳው በስተ ምዕራብ አንድ ጉብታ አለ፤ ስሙ መዝለፊያ ነው። የላይ ሠፈርና የታች ሠፈር ተከፍሎ ጥንግ ሲመታ፣ ያሸነፈው ወገን እዚያ ጉብታ ላይ ወጥቶ የፈለገውን ይዘልፋል። ባለ ሥልጣን አይል፣ ባለጠጋ አይል፣ መሪጌታ አይል። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለ? እኛ ዘንድ አንድ ነገር ይጨመርበታል፤ መዝለፊያ ላይ የተባለ ቤት አይገባም። ተዘላፊው ያኮረፈ እንደሆነ እሱ ነው የሚታፈረው። ኳስ ከመጣ ወዲህም ደጋፊው የሚቆመው እዚያው ነው። ዳኛው ሁሉ ያውቀዋል፤ ከሌላ ቦታ ቢሰድቡት ጨዋታ ያቆማል፣ ከመዝለፊያ ከሆነ ሰምቶ እንዳልሰማ ይሮጣል።

በደርግ ጊዜ ነው አሉ፣ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር የራሽን ስኳር አልቋል እያለ ሰዉን ባዶ እጁን ይመልሰው ነበር። ሰው ጥላውን የሚፈራበት ዘመን ነው። ገና ደረሰና የታች ሠፈር አሸነፈ። አያ እጅጉ ያኔ ጎረምሳ ናቸው፤ ጉብታው ላይ ወጡና፦

ስኳር አልቋል ብሎ ሊቀ መንበሩ፣
ንብ ይከተለዋል ሲወጣ ከበሩ።

አሉ። የሣቀ ሰው የለም። ሊቀ መንበሩ ሽጉጡን ታጥቆ እዚያው ቆሟል። ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። በኋላ ራሱ ሰውዬው «ምላስህን ንብ ይንደፈው!» ብሎ ሲሥቅ ጊዜ ሜዳው በሙሉ ፈነዳ። በሳምንቱ ስኳሩ መጣ።

ይኽን የነገሩኝ ሌሎች ናቸው። እሳቸውን ብጠይቃቸው፣ «እኔ ምን ተናገርኩ፤ ጉብታው ነው እንጂ የተናገረው» አሉኝና ወሬ ለወጡ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ሚሊኒየሙ በተከበረበት ዓመት፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ሜዳችን ሊታደስ ነው ተባለ። የዞኑ የወጣቶች ውድድር በበልግ እኛ ዘንድ እንዲሆን ታስቧል፤ መንገድ የሚሠሩት ሰዎች ዶዘራቸውን ለአንድ ቀን ሊያውሱን ነው። ደስታችን ልክ አልነበረውም። ሜዳችንን አላያችሁትም እንጂ። ክረምት ረግረግ ነው፤ በጋ ሲሆን ደግሞ መሬቱ ይሰነጠቅና እግር ይውጣል። ማርያማዊት፣ የአያ እጅጉ የመጨረሻ ልጅ፣ በሴቶቹ ቡድን በቀኝ በኩል የምትጫወት፣ ባለፈው ዓመት እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ገብታ ቁርጭምጭሚቷ ዞሮ ስንት ወር አነከሰች። ከዚያ ወዲህ አባቷ የጠረቡትን ፍቅፋቂ በጆንያ እየተሸከሙ ስንጥቁን ሲደፍኑ ነበር የሚያመሹት። ነፋስ ይወስደዋል፤ እሳቸው እንደገና ይደፍናሉ። ስለዚህ ዶዘሩ መምጣቱን ሲሰሙ ከሁላችንም በላይ የተደሰቱት እሳቸው ናቸው።

ሥራውን የሚመራው ክንፈሚካኤል የሚባል ወጣት ኢንጅነር ነው። አዲስ አበባ ነው ያደገው። መልካም ልጅ ነው፤ ፈጣን ነው ብቻ። ሜዳው ላይ ሰበሰበንና እንዲህ አለ፦

«ሜዳው ይስተካከላል። አጥር ይኖረዋል። የብረት ጎል ይተከላል። ጉብታውስ ምን ይሁን? እናንተ ናችሁ የምትወስኑት። በኋላ ሳታማክረን እንዳትሉኝ።»

የቀበሌው ሊቀ መንበር ተነሥቶ፣ ልማት የማይፈልግ ሰው ካለ ይናገር የሚለውን የተለመደውን ንግግር ጀመረ። እንዲህ ከተባለ በኋላ ማን ይናገራል? ሰው ሁሉ አያ እጅጉን ያይ ጀመር። «አያ እጅጉ ይናገሩ! ለገና የሚናገሩትን ዛሬም ይናገሩልን!»

ቆሙ። ጣታቸው የጋቢያቸውን ጥለት እያሸ አላርፍ አለ።

«እንደምን ዋላችሁ። እግዜር ይመስገን፣ መንግሥትም ይመስገን። ይኸ ልጃችንም ከሩቅ መጥቶልናል፤ ያሳደጉትን እግዜር ይስጣቸው። ሜዳው ይስተካከል። መስተካከል አለበት፤ ልጆቻችን ተሰበሩ እኮ። ጉብታው…» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጉብታው ይቅር።»

አጨበጨብን። እኔም እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። ክንፈሚካኤልም አጨበጨበ። «ይኸው! አባት ራሳቸው ይቅር ብለዋል። አለቀ!» አለ።

አያችሁ፣ እኛ የሰማነው ጉብታው ባለበት ይቅር፣ አይነካ፣ ነው። እሱ የሰማው ጉብታው ይቅርብን፣ አያስፈልገንም፣ ይነሣ፣ ነው። ቃሏ አንዲት ናት። አሁን ስጽፋት እንኳ አንዴ እንዲያ አንዴ እንዲህ ትሆንብኛለች።

ወዲያው ሠራተኞቹ በመዝለፊያ ዙሪያ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ካስማ ተከሉ። እኛም «እንዳይነካ ምልክት አደረጉለት» ተባባልን። አያ እጅጉ ግን ልባቸው አላረፈም መሰለኝ፣ ካስማዎቹን አንድ ሁለት ጊዜ ዞሩና ወደ ኢንጅነሩ ሄዱ።

«ልጄ፣ ጉብታው ይቀራል አይደል?»

«ይቀራል እንጂ አባት! እርስዎ ካሉ በኋላ?»

«ጨርሶ?»

«ጨርሶ!»

«እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜ ይስጥህ፣ እድግ በል» ብለው ትከሻውን ሳሙት። ሲመለሱ እንደዚያ ቀን ተደስተው አይቻቸው አላውቅም። ከቆሎዬ ዘግነው እየቃሙ ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ የዶዘሩ ሾፌር ቴዎድሮስ ቆሎ ሊገዛ መጣ።

«እናት፣ ነገ እዚህ አትቀመጪ» አለኝ። «አቧራ ይበላሻል። ከጉብታው ነው የምጀምረው።»

«ከጉብታው? ምኑን?»

«ምኑን ማለት ምን ማለት ነው? ከላይ እስከ ታች ነዋ! አፈሩን ለረግረጉ መሙያ ይፈልጉታል።»

መስፈሪያዬን ጣልኩት። በዚህ ዕድሜዬ የሮጥኩ እንደሆነ ያን ቀን ነው።

አያ እጅጉ ቆመው ሞፈር ይጠርባሉ፤ ሀብትነሽ ሽሮ ታሰጣለች። የሰማሁትን እየቆራረጥኩ ነገርኳቸው። መጥረቢያው ከእጃቸው ወረደ። ሀብትነሽ ናት ቀድማ የገባት።

«ወይ ጉዴ! አንድ ቃል ሊናገሩ ተነሥተው እሷንም ሁለት አደረጓት!»

«እኔ እኮ ይቅር ነው ያልኩት» አሉ፣ ቀስ ብለው።

«ይቅር ብለው ነዋ! አይነካ ማለት ምን ነበረበት? አፍዎን ይቆርጠዎት ነበር? በሉ ይሂዱ፣ ኢንጅነሩ ሳይሄድ ይድረሱበት። ንግሥቴ፣ አብረሻቸው ሂጂ። ብቻቸውን ከሄዱ ስለ ዝናብ አውርተው ነው የሚመለሱት።»

እኔን መላኳ! ዓይነ አፋር ለዓይነ አፋር አጋዥ ሆኖ።

ስንደርስ ክንፈሚካኤል የፍኖተ ሰላሙ መኪና ላይ አንድ እግሩን አድርጓል። ረዳቱ ይጮኻል።

«ልጄ» አሉ አያ እጅጉ፣ እያለከለኩ። «ሰው ፀጉሩን ሲላጭ…»

«እ?»

«ጆሮውን ያስተርፋል።»

ክንፈሚካኤል ከልቡ ሣቀ። «አይዞዎት አባት፣ ምላጫችን ስል ነው! ልጭት አድርገን ነው የምናስረክባችሁ!»

«አይ፣ እንደው ማለቴ… ምላጩ ስል ሲሆንም…»

«የሚያስቸግር ነገር ካለ ቴዎድሮስ ስልኬን ይዟል!» አለና ገባ። መኪናው ሄደ። እኔ እዚያው ከጎናቸው ቆሜአለሁ። የምለው ሁሉ ደረቴ ላይ ነበር፤ ወደ አፌ የመጣ ግን የለም።

ስንመለስ ወሬው ቀድሞን ነበር። ጎረምሶቹ ከየጥጉ ይጣራሉ።

«አያ እጅጉ፣ ዘንድሮ ከየት ላይ ሆነው ሊዘልፉን ነው? ከቆጥ ላይ?»

«ከአውራ ዶሮው ጋራ ተስማምተው ነው አሉ!»

እሳቸው በቀጥታ ወደ ኢንጅነሩ ካስማ ሄደው ሜዳውን መዞር ጀመሩ። አንድ ዙር፣ ሌላ ዙር። ማርያማዊት ከልምምድ መጥታ ማልያዋን ሳትቀይር ከጎናቸው መራመድ ጀመረች። እኔ ዕቃዬን ስሰበስብ ይሰማኛል።

«አባዬ፣ ይተዉት በቃ።»

«ምኑን?»

«ጉብታውን። ኢንጅነሩ ለክቶታል። ጉብታው ካልተነሣ ሜዳው ይጠባል፤ ከጠበበ ዞኑ ውድድሩን ለሌላ ከተማ ይሰጠዋል። ለኛ አሠልጣኛችን ነግሮናል።»

«መቼ ነገራችሁ?»

«ከስብሰባው በፊት። ለዚህ ነው ይቅር ያሉ የመሰለኝ። ለኔ ብለው።»

አያ እጅጉ ቆሙ። መዞር ጀምረው ሲያቋርጡ ያየሁት ያኔ ነው። ልጅቱ ዓመቱን ሙሉ ሌላ ሐሳብ እንደሌላት ያውቃሉ። ያቺን እግር ያሹላት እሳቸው ናቸው። ማርያማዊት ትታቸው ወደ ቤት ሄደች። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ወደኔ መጡ።

«ንግሥቴ፣ አንቺ ብትሆኚ?»

«እንጃ፣ አያ እጅጉ።»

«እንጃ» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «ምነው እኔም እንጃ ባልኩ።»

በነጋታው ዶዘሩ ሲነሣ ድምፁ ውሻውን ሁሉ አስጮኸው። ሰው ከየቤቱ ወጣ። አያ እጅጉ ከሁሉም ቀድመው በዶዘሩና በጉብታው መካከል ቆመዋል። እጃቸው ባዶ ነው።

«ፋዘር፣ ዞር ይበሉ፣ አቧራ ነው!» አለ ቴዎድሮስ ከላይ ሆኖ።

«ምንም አይደል። ደህና አደርክ?»

«ደህና አደሩ።»

«እናትህ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናት።»

«ከብቱስ?»

«ከብት የለኝም ፋዘር፣ ሾፌር ነኝ!»

ሰው ሣቀ። ሀብትነሽ ከኋላዬ «ጀመሩ ዝናቡን» አለች። ቴዎድሮስም ነገሩ ገርሞት ሞተሩን አጠፋው። ድንገት ጸጥ አለ። አያ እጅጉ ከንፈራቸውን ሁለት ሦስት ጊዜ አላወሱ።

«አይሆንም» አሉ።

«ምኑ?»

«ጉብታው አይነካም። አይቆረጥም። አይሆንም።»

ቴዎድሮስ መሬት ወረደ፤ ስልኩን አውጥቶ ኢንጅነሩ ጋ ደወለና ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሁላችን እንዲሰማ ያዘው።

«አባት፣ ትናንት ይቅር ብለዋል እኮ!» አለ ክንፈሚካኤል።

«ብያለሁ። ባለበት ይቅር ማለቴ ነው።»

«ባለበት?» አለ ክንፈሚካኤል። ከዚያ፣ «እኔ… እሺ። ግን ይስሙኝ። ካልተቆረጠ ሜዳው ይጠባል። ውድድሩን አታገኙም። ይኽ ገብቶዎታል?»

ማርያማዊት ከጓደኞቿ ጋር ቆማለች። አያ እጅጉ አዩዋት። ልጅቱ ፊቷን አላዞረችም።

«ገብቶኛል።»

«ታዲያ ይቁረጥ ወይስ አይቁረጥ? አንድ ቃል ይንገሩኝ!»

«አይቁረጥ!»

ጮኹ። ያ ጩኸት የገና ጩኸት ነበር፤ ገና ግን አልደረሰም። ክንፈሚካኤል «እንደ ፈለጋችሁ» አለና ዘጋው።

ዶዘሩ ቀኑን ሙሉ ሌላውን ሲደለድል ዋለ። ረግረጉ ግማሹ ሞላ፣ ግማሹ አፈር አነሰውና ቀረ። ስንጥቁ ግን ጠፋ። ማታ ማታ እግራችንን የምንሰብርበት መሬት እንደ ሰሌን ተዘርግቶ ሳየው ዕንባዬ መጣ። ከጎኑ ደግሞ መዝለፊያ አለ፤ ሽማግሎቹ ተራ በተራ እየመጡ አያ እጅጉን መረቁ። ትናንት ስለ ቆጥ ያወሩት ጎረምሶች ዛሬ ትከሻቸው ላይ ሊሸከሟቸው ፈለጉ፤ እሳቸው አመለጧቸው።

ቤት ግን ደስታ አልነበረም። ሀብትነሽ እራት አቅርባ እኔንም ጠርታኝ ነበርና አይቻለሁ። ማርያማዊት ወደ ገበታው አልቀረበችም። በሩ ላይ ተደግፋ፣

«አባዬ በዕድሜያቸው አንዴ ተናገሩ» አለች፣ «እሱንም በኔ ላይ።»

«ማርያማዊት!» አለች እናቷ።

«እውነቴን ነው። ከጉብታው ማዶ፣ በውኃ መውረጃው ቦይ በኩል ቢሰፋ አይቻልም ነበር? ቦዩን ደፍኖ ወደዚያ መግፋት ነው። ግን ማን ጠየቀው? እሳቸው ይቅር አሉ፣ እናንተ አጨበጨባችሁ፣ እሱ ካስማ ተከለ። ማን ጠየቀው?»

አያ እጅጉ የያዙትን ጉርሻ ገበታው ላይ መለሱት።

«ምን አልሽ? በቦዩ በኩል?»

«ተዉት አሁን፤ አለቀ» ብላ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ምግብ አልበሉም። ተነሡ፣ ተቀመጡ፣ ተነሡ። «ስልኩን ዘጋብኝ እኮ» አሉ። «ከሩቅ የመጣ ልጅ፣ እንግዳችን፣ ጮኽኩበት። ቅር ብሎት ነው የዘጋው።»

ሀብትነሽ ተቆጣች። «አገሩ ሁሉ ሲመርቅዎት ስለ አንድ ስልክ ነው የሚጨነቁት?»

«አገሩማ አገሬ ነው። ያ ልጅ ግን ከአሁን በኋላ የማያነሣልኝ እንደሆነስ? የልጅቱን ነገር ማን ይሰማኛል?»

ሀብትነሽ ገበታውን አነሣች። እኔም ተነሥቼ አገዝኳት።

በማግስቱ ጠዋት ቆሎዬን ይዤ ስወጣ አያ እጅጉ አስፋልቱ ዳር ቆመዋል። የክት ጋቢያቸውን ለብሰዋል፣ ጫማቸውን አድርገዋል። ከቡሬ የሚመጣውን ሚኒባስ ነው የሚጠብቁት። ወዲያ ይራመዳሉ፣ ይመለሳሉ፣ መንገዱን ያያሉ።

«ወዴት ነው፣ አያ እጅጉ?»

«ፍኖተ ሰላም።»

«ኢንጅነሩ ጋ?»

«እዚያው።»

«ምን ሊሉት ነው?»

«አልተቀየምክም ወይ እለዋለሁ። ከዚያ የቦዩን ነገር እጠይቀዋለሁ።» ትንሽ አሰቡና፣ «ከቦዩ ልጀምር ይሆን? ምን ትያለሽ?»

«ከቦዩ ይጀምሩ» አልኳቸው። እንዴት እንዳልኩት አላውቅም።

ሚኒባሱ መጣ። ረዳቱ በሩን ሳይከፍት ገና፣ «ፍኖተ ሰላም ነው አባት? ቶሎ ቶሎ!» አለ። ገቡ። መኪናው ሲነሣ በመስኮቱ አየኋቸው። ከጎናቸው የተቀመጠው ሰው ወዲያ ዞሯል፤ እሳቸው ፊት ለፊት እያዩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ የሚሉትን ይለማመዳሉ።